በሊትር ስንት ይሄዳል?

እኔ ባደግሁበት ቤት ስለ መኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር አባቴ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ዋጋው ሌላው ሰው ይጠይቅ። እሱ መልሱን ከሰማ በኋላ ራሱን በቀስታ ይነቀንቅና «ማን ነው እንዲህ ያለው? ሹፌሩ ነው ወይስ ወረቀቱ?» ይላል። ልጅ ሆኜ ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ አትገባኝም ነበር። የገባችኝ ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ቁም ሣጥንና ፍራሽ ጭኜ ስወጣና ስወርድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደይ ወራት ከአንድ ወዳጄ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ አዲስ ፒክአፕ በዱቤ ገዛን። ሐሳባችን ከምንኖርበት ከአውሮራ ከተማ ተነሥተን በተራራው ላይ እስካሉት የመዝናኛ ከተሞች ድረስ የቤት ዕቃ ማመላለስ ነበር። የአምራቹን ስም አላነሣም፤ የምለው ነገር ለብዙዎቹ ስለሚሠራ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ ወረቀት ሳይለጠፍበት ለገበያ አይቀርብም። ነጋዴዎቹ ወረቀቱን «ሞንሮኒ» እያሉ ይጠሩታል፤ ዋጋው በመስኮት ላይ በግልጽ እንዲለጠፍ የሚያስገድደውን የ1958ቱን ሕግ ያመነጩት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ነበሩና። የነዳጁ ቁጥር የመጣው ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ነው። የእኛ ወረቀት «በከተማ 18፣ በአውራ ጎዳና 23፣ በአማካይ 20 ማይል በጋሎን» ይል ነበር። ቁጥሮቹ ከሩቅ ይነበባሉ። ከሥራቸው ደግሞ ትክክለኛው ውጤት እንደ መንገዱና እንደ አነዳዱ የተለያየ እንደሚሆን የምትናገር አንዲት ደቃቅ ዓረፍተ ነገር አለች፤ ያን ቀን ማንም አላያትም። ሸሪኬ ስልኩን አውጥቶ በወር የምንነዳውን ማይል ለ20 አካፈለ፣ በቤንዚኑ ዋጋ አባዛ፣ ፈገግ አለ። ሥራው ያዋጣል።

ነዳጁን ግማሽ በግማሽ ልንከፍል ተስማማን። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ሂሳብ ይይዛል።

በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ወረቀቱ 20 ይላል» አለኝ። «አንተ የምታመጣው ሲካፈል ከ16 ብዙም አያልፍም። ይኼ ሁሉ ቤንዚን እዚያው መኪና ውስጥ ነው የሚገባው? ምናልባት የባለቤትህንም መኪና አብረህ ትሞላ እንደሆን... ብትሞላ እኮ ችግር የለውም፤ ብቻ ንገረኝ።»

ጆሮዬ ጋለ። ያጋለው ግን ስድቡ ብቻ አልነበረም። ይህን ንግግር ከዚህ ቀደም ሰምቼው አውቃለሁ፤ የሰማሁት በ1979 ዓ.ም.፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በደብረ ብርሃን ነው።

አባቴ በዚያ ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የሚነዳው ነጭ፣ ባለ ሁለት ጋቢና የናፍታ ፒክአፕ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ መኪና የነዳጅ ልክ አውጥቶ ነበርና ለዚህኛው በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ተጻፈለት። ልኩን ያወጣው ሰው መኪናውን ነድቶት አያውቅም፤ ቁጥሩን የቀዳው ከመኪናው ጋር ከመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በተጻፈበት አገር ደግሞ ታርማበር የለም።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር ታርማበር ሲደርስ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ አልፎ በዚያ በሚያዞር ጠመዝማዛ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ መውረድ ነው። ሁለተኛው ወደ ግራ ታጥፎ በደጋው ጀርባ ላይ ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ መሄድ ነው። ታርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ማለት መኪናውን፣ በውስጡ የተጨናነቁትን ሰዎችና በላዩ የተጫነውን ጆንያ ሁሉ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ መሸከም ማለት ነው። የመንዙ መንገድ በበኩሉ በዚያ ዘመን ኮረኮንች ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ። አባቴ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ፣ አንዳንዴም በአንደኛ፣ ሁለቱንም መንገድ ይመላለስባቸው ነበር።

በወሩ መጨረሻ የስምሪት ክፍሉ ኩፖኑን ይቆጥራል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባል፣ ያካፍላል። 9 መሆን የነበረበት 7 ሆኖ ይገኛል። በወር 1,800 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ልኩ የሚፈቅድለት 200 ሊትር ሲሆን መኪናው የጠጣው 257 ሊትር ነው። ሃምሳ ሰባቱ ሊትር «ጉድለት» ተብሎ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉ ከፋ። ጉድለት የሚለው ቃል ከመሥሪያ ቤቱ በር ወጥቶ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ስርቆት ሆነ። በዚያ ዘመን ናፍታ በጎማ ቱቦ ስበው የሚሸጡ ሹፌሮች አልነበሩም ብል እዋሻለሁ፤ ነበሩ፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሐሜቱ የሚያምነው አላጣም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንድ ልጅ «የናፍታ ሻጭ ልጅ» አለኝና ተደባደብን። ከንፈሬ አብጦ ቤት ስገባ አባቴ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ። ኳስ መታኝ አልሁት።

ያን ምሽት ነው ከበሩ ጀርባ ያለችውን ቢጫ ጀሪካን እንደ አዲስ ያየኋት። ሁልጊዜም እዚያ ነበረች። አባቴ ማለዳ አንጠልጥሏት ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ እዚያው ያኖራታል። ከተኙ በኋላ ተነሥቼ ከፊቷ ቆምሁ። የናፍታ ሽታ የሚሰወር አይደለም፤ ክዳኗን አንድ ጊዜ ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላዞርሁም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አላዞርሁም። ካልከፈትኋት ምንም ነገር አልተወሰነም ብዬ አስቤ መሆን አለበት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ነው የሚያስበው። ጎልማሳውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላሰበም፤ ጀሪካኗን ሳልከፍታት ባሕር ተሻገርሁ።

አባቴ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ማታ ማታ በማሾ ብርሃን ይጽፍ ጀመር፦ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የተሳፋሪ ብዛት፣ ጭነት፣ የተቀዳ ሊትር፣ ዝናብ ከነበረ ዝናብ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ይዞ ኃላፊው ዘንድ ቀረበና አንድ ነገር ለመነ። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አብሮት ይሳፈር፤ ቋቱን እስከ አፉ ሞልተው መሐል ሜዳ ደርሰው ይመለሱ፤ ተመልሰው ይሙሉትና የገባው ሊትር ይቆጠር። የተሰጠው መልስ «መኪናው መጽሐፉ ያለውን ይሄዳል» የሚል ነበር። በዓመቱ አባቴ ወደ ሌላ መኪና ተዛወረ። ነጩን ፒክአፕ የተረከበው ሹፌርም እንዲሁ ጎደለበት፤ እንዲሁ ተቆረጠበት። ከአንድ የተሳሳተ ቁጥር ይልቅ ሁለት ሌባ ማመን ቀለላቸው።

ወደ አውሮራ ልመለስ። ያን ማታ ለሸሪኬ በቁጣ አልመለስሁለትም። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። በሞላሁ ቁጥር ቧንቧው ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪያቆም ድረስ እሞላለሁ፤ ካለፈው ሙሌት ወዲህ የተነዳውን ማይል እጽፋለሁ፤ በገባው ጋሎን አካፍላለሁ። መኪናው ራሱ በመሪው ፊት ለፊት የሚያሳየውን አማካይ አላመንሁም፤ እሱም ከእኔ ደብተር አንድ ማይል ያህል ከፍ ይል ነበር። ጎን ለጎንም «20» የት እንደ ተወለደች መፈለግ ጀመርሁ።

የተወለደችው መንገድ ላይ አይደለም። መኪናው አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ጎማዎቹ በትልልቅ የብረት ከበሮዎች ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከበሮው የነፋሱንና የክብደቱን ተቃውሞ አስመስሎ ይገታዋል። ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ባለ ስክሪን ላይ የተሰመረለትን መስመር እየተከተለ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል። የነደደው ቤንዚን እንኳ በመስፈሪያ አይለካም፤ በጭስ ማውጫው የወጣው ካርቦን ተሰብስቦ ከእርሱ ይሰላል። አብዛኛውን ሙከራ የሚያካሂዱት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከውጤቶቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ባለው ቤተ ሙከራው ያረጋግጣል።

የከተማው ሙከራ 11 ማይል ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 21 ማይል ሲሆን መነሻው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተጠና የሎስ አንጀለስ መንገድ ነው። የአውራ ጎዳናው ሙከራ 10 ማይል ብቻ ነው፤ አማካዩ 48፣ ጣሪያው 60 ማይል። የአዳራሹ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ። ጭነቱ ደግሞ 300 ፓውንድ፤ ሹፌሩና አንድ ወዳጁ እንበል። ቁም ሣጥን የለም። ዳገት የለም። ነፋስም በጎን አይመጣም።

ይህ ቁጥር በመንገድ ላይ ከሚገኘው እንደሚበልጥ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ካወቀ ቆይቷል። ከ1985 ሞዴል ጀምሮ የከተማውን ውጤት በ10 በመቶ፣ የአውራ ጎዳናውን በ22 በመቶ ቀንሶ ማሳተም ጀመረ። ከ2008 ሞዴል ወዲህ ደግሞ ሦስት ሙከራዎች ታከሉ፤ አንዱ እስከ 80 ማይል የሚጋለብበት፣ አንዱ በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣው እየሠራ የሚነዳበት፣ አንዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ የሚነሣበት። አምራቾች ግን አምስቱንም እንዲያካሂዱ ሁልጊዜ አይገደዱም፤ የሁለቱን የቀድሞ ሙከራዎች ውጤት በተሰጣቸው ቀመር ዝቅ ማድረግም ይበቃቸዋል።

እኔ የምነዳው ኢንተርስቴት 70 ላይ ነው። ሜዳው ላይ 75 ማይል ካልነዳህ ከኋላህ ያለው ይጮኽብሃል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ48 ማይል ወደ 75 ስንሄድ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። ፒክአፕ ደግሞ ነፋስን ለመሸወድ የተሠራ ፍጥረት አይደለም፤ ፊቱ ግድግዳ፣ ጀርባው ክፍት ሣጥን ነው። በዚያ ሣጥን ላይ ቁም ሣጥን ቆሞ ሲታሰርበት ሸራ የተሰቀለበት መርከብ ይሆናል፤ ሸራው ግን ወደ ኋላ ነው የሚጎትተው። ቤንዚኑም ራሱ የአዳራሹ ቤንዚን አይደለም። ከማደያ የምንቀዳው አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ኢታኖል አለበትና ጉልበቱ ከንጹሑ 3 በመቶ ያህል ያንሳል፤ የወረቀቱ ስሌት ግን ኢታኖል በሌለው ነው። ክረምቱን ልጨምርበት? ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ሲደርስ በከተማ አጭር ጉዞ ብቻውን 15 በመቶ ያህል ይወስዳል።

ከዚያ ዳገቱ አለ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ተቀምጣለች፤ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ልዩነቱ ወደ 1,790 ሜትር ይጠጋል። ይህን ቁጥር ደብተሬ ላይ ስጽፍ እጄ ቆመ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ታርማበር ያለውን ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ በሁለቱም ጫፍ ላይ ዋሻ አለ። ሰዎች ቁልቁለቱ ያካክሰዋል ይሉኛል። በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍሬን በያዝህ ቁጥር የወጣህበት ጉልበት ሙቀት ሆኖ በነፋስ ይበተናል። አባቴ «ዳገት የወሰደውን ቁልቁለት አይመልስም» ይል ነበር። ፊዚክስ ተምሬም ከዚህ ብዙ የሚርቅ ነገር አላገኘሁም።

በአሥራ አንድ ወር 14,200 ማይል ነዳሁ፤ 871 ጋሎን ገባ። 16.3 ይመጣል። ወረቀቱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ 710 ጋሎን ይበቃን ነበር። የ161 ጋሎን ልዩነት፣ በጋሎን 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ቢታሰብ፣ ከ430 ዶላር በላይ ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ወዳጅነትን ለማበላሸት ግን ይበቃል፤ ለዚያ እንኳ ሃምሳ ሰባት ሊትር ናፍታም በቅቶ ያውቃል።

ታዲያ ወረቀቱ ዋሸ? ይህን ለማለት ስንት ሌሊት ፈለግሁ፤ ሆኖም አልቻልሁም። ባዶ ፒክአፕ በረጋ ፍጥነት በሜዳ የሚነዳ ሰው ቁጥሩን ያገኘዋል፤ አንዳንዱም ያልፈዋል። እኔም አንድ ጊዜ፣ በመስከረም፣ ባዶዬን በ55 ማይል ስመለስ ከ23 በላይ አግኝቼ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ሁሉም መኪና በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መስመር መለካቱ ገዢ ይህን ከዚያ እንዲያወዳድር ነው፤ ለዚያ ቁጥሩ ደህና አድርጎ ያገለግላል። ሰውን ከመኪናው ጋር ሊያወዳድሩበት ሲነሡ ነው የሚከፋው። ደግሞም ዝም ከሚል ወረቀት ይሻላል። ጠቅላላ ክብደታቸው ከ8,500 ፓውንድ የሚያልፉት ከባዶቹ ፒክአፖች መስኮታቸው ላይ የነዳጅ ቁጥር እንኳ የላቸውም፤ ሕጉ አያስገድዳቸውም። ከሁሉ አብልጠው የሚጠጡት ስለ መጠጣቸው የማይጠየቁ ሆኑ።

ደብተሩን ለሸሪኬ ብሰጠው የገዛ እጅ ጽሕፈቴ ነው። ስለዚህ አባቴ የለመነውን ለመንሁ። «አንድ ቀን አብረኸኝ ተሳፈር» አልሁት። «ቀዳጁም ጸሐፊውም አንተ ነህ፤ እኔ መሪ ብቻ እይዛለሁ።»

እሺ አለ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ዛሬም ይገርመኛል። አንድ ማክሰኞ ማለዳ አውሮራ ላይ በራሱ እጅ ሞላ። ሁለት አልጋና አንድ የምግብ ጠረጴዛ ጭነን ወደ ቬይል ወጣን። ዋሻው ከመድረሳችን በፊት ባለው ዳገት ላይ ሞተሩ ማርሽ እየቀነሰ ሲያጓራ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም። ዕቃውን አድርሰን ማታ እዚያው ማደያ ተመለስን። ቧንቧውን ሰክቶ ቆመ። ቆጣሪው 10 ጋሎንን ሲያልፍ ፊቱን አየሁት፤ 12 አለፈ፤ 13.4 ላይ ቀጭ አለ። 215 ማይል ነድተናል። ስልኩን አውጥቶ አካፈለ፤ ደግሞ አካፈለ። 16።

«የባለቤትህ መኪና እንኳን እዚህ የለችም» አለ። መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ሳቁ አልወጣለትም። ከዚያም የሦስቱን ወር ግማሽ እዚያው ማደያው ደጃፍ ላይ ቆጥሮ ሰጠኝ። ስቀበለው የተደሰትሁ መስሎት ነበር። እኔ የማስበው በዚያ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሚቆመውን ሰው ነበር።

እሑድ ደብረ ብርሃን ደወልሁ። አባቴ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ ጆሮው ይደክማል፤ መኪና መግዛቴን ግን ሰምቶ ነበር።

«በሊትር ስንት ይሄዳል?» አለኝ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ።

አስቀድሜ ወደ ሊትርና ወደ ኪሎ ሜትር ቀይሬው ነበር። «ስድስት ከዘጠኝ፤ ሰባት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው» አልሁት።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሹፌሩ።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ወረቀቱስ?» አለ በመጨረሻ።

«ስምንት ተኩል።»

ሳቀ። ረጅም፣ በሳል የሚቆራረጥ ሳቅ ነበር፤ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ስለ ዳገቱ ጠየቀኝ፤ ዋሻም እንዳለው፣ በረዶም እንዳለው፣ ከታርማበር እንደሚበልጥ ነገርሁት። አላመነኝም መሰለኝ።

«እንዲያ ከሆነ ይሞቅብሃል» አለ። «ውኃ ያዝ። እኔ እንኳ ያቺን ቢጫ ጀሪካን ጠዋት ቦኖው ላይ ሳልሞላት ታርማበርን ወጥቼ አላውቅም። አንድ ቀን ረስቻት ራዲያተሩ ሊያቃጥለኝ ነበር። ትዝ ትልሃለች? ከበሩ ኋላ የማኖራት?»

«ትዝ ትለኛለች» አልሁት።

የአሁኖቹ መኪኖች እንደዚያ አይሞቁም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እይዛለሁ፣ አባባ» አልሁት።